በጥናት ሰዓት ያነበበችው ልጅ

በ2005 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የእህቴ ልጅ ሶዶ ከተማ ከምትማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ተባረረች። ክፍለ ጊዜው የግል ጥናት ነበር። ስትባረር የፊዚክስ መጽሐፍ እያነበበች ነበር።

ቤት ስትደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

“ጋሼ፣ ወላጅ አምጪ ተብያለሁ።”

“ምን ስታደርጊ ተገኝተሽ?”

“ሳነብ።”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም።”

“ወሬ? ሳቅ? ስልክ?”

“ስልክ የታለኝና ጋሼ?”

ሥራዬ ሪፖርተርነት ነው። አንድ ሰው የነገረኝን ነገር ሌላ ሰው ሳይነግረኝ አላምንም፤ የራሴ ቤተሰብ ሲሆን ደግሞ የበለጠ እጠራጠራለሁ። ስለዚህ ያን ማታ ለባለቤቴ ያልኩት “ያልነገረችን ነገር ሳይኖር አይቀርም” ብቻ ነበር። አልነበረም። ሁሉንም ነግራናለች።

ልጅቱ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። እህቴና ባሏ ከገሱባ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ አራሾች ናቸው። ልጃቸው ስምንተኛን እዚያ ጨርሳ ለዘጠነኛ እኔ ዘንድ ስትመጣ አባቷ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር የላካት፤ አስረኛን ካለፈች ትቀጥላለች፣ ካላለፈች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከእርሷ በታች ሌሎች ልጆች አሉት፤ የደረሰች ልጅ ከቤት ስትወጣ እርሻውም ማጀቱም ይጎድላል። ለሁለት ዓመት ጉድለቱን ችሏል። ከዚያ በላይ እንዲችል ማሳመኛው የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ብቻ ነበር። ፈተናው ደግሞ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነው።

የእኔ ቤት ለማንበብ አይመችም ነበር። ሁለት ክፍል ነው። ትንንሽ ልጆች አሉን፤ ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ስትሠራ ውላ ስትገባ እራት የሚሰናዳው እርሷና የእህቴ ልጅ ተጋግዘው ነው። መብራት በየጊዜው ይጠፋል። ከሁሉም በላይ ግን መጽሐፍ አልነበረም። የፊዚክስና የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ አንዱ ለብዙ ተማሪ ነው የታደለው፤ እርሷ ተራ ሲደርሳት ይዛ ታድራለች፣ ጠዋት ለሌላው ታስረክባለች። ላይብረሪው ውስጥ ቅጂዎች አሉ፤ ወደ ቤት ግን አይወጡም።

ትምህርቱ ራሱ በዚያን ጊዜ በፕላዝማ ነበር የሚሰጠው። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይከንፋል። ልጆቹ ርዕሱን ገልብጠው ሳይጨርሱ ስሌቱ አልቆ ይጠፋል። መብራት ከሄደ መሃል ላይ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው አይደገምም። ቤቷ ወላይትኛ፣ መንገዷ አማርኛ፣ ትምህርቷ እንግሊዝኛ ለሆነች ልጅ ጠዋት የሸሸው ነገር የሚያዝበት አንድ ሰዓት ነበር፤ እሱም ከሰዓት በኋላ ያለው የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ “ስተዲ” ይሉታል። የእህቴ ልጅ በዚያ ሰዓት ላይብረሪ ትገባለች፣ መጽሐፉን ትወስዳለች፣ እስከ ደወል ታነባለች። ከቀኗ ውስጥ የእርሷ የነበረው ይኸው ብቻ ነው።

እኔም በዚሁ ከተማ ነው የተማርኩት። ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም ነበር፤ ክፍሉ መስኮት አልነበረውም፣ ወንበሩም ለሁላችንም አይበቃም። የጥናት ሰዓት ሲሆን ግን አንድ የሂሳብ መምህር ገብተው ፊት ለፊት ይቀመጡና ፈተና ያርማሉ። ሲያርሙ ቀና አይሉም። ያወራ ሰው ካለ በማስመሪያቸው ወደ በሩ ይጠቁማሉ፤ ማን እንዳወራ አይጠይቁም፣ ያወራው ራሱን ያውቃልና ይወጣል። ያልገባው ደብተሩን ይዞ ጠረጴዛቸው ዘንድ ይቆማል፤ በሹክሹክታ ያስረዱታል። ሌላ ሥርዓት አልነበረውም። ጥናት ማለት ጥናት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ምክትል ርዕሰ መምህሩን ከሥራ ጋር በተያያዘ አውቀዋለሁ፤ እኩያዬ ነው።

“ኧረ ጋዜጠኛው! ዛሬ ለዜና ነው ለቤተሰብ?”

“ለቤተሰብ።”

“እሱ ይሻላል። ተቀመጥ።”

ተቀመጥኩ። “ልጅቱ ምን አጠፋች?” አልኩት።

“ጎበዝ ናት።”

“እሺ፤ ጥፋቷስ?”

“እሱ ነው እኮ ችግሩ። ጎበዝ ልጅ ብቻዋን ሄዳ ስታነብ አራቱ የቡድኗ አባላት የት ይሂዱ? አንድ ለአምስት ያደራጀናቸው ለምንድነው? ያለው ያለውን ይዞ ብቻውን ከተቀመጠ ምን ይባላል? አንተ በየስብሰባው ስትዘግበው ውለሃል።”

“ምን ይባላል?”

“የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት።”

“የፊዚክስ መጽሐፍ በማንበቧ?”

“በማንበቧ አይደለም። ብቻዋን በማንበቧ።”

ሳቁን ጠብቄ ነበር። አልሳቀም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚያ ዓመታት ገበሬውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ተማሪውም በአንድ ለአምስት ይደራጅ ነበር፤ አምስት ሰው አንድ ቡድን ይሆናል፣ አንዱ ይመራል። በትምህርት ቤት የታሰበው ጎበዙ ደካሞቹን እንዲያስጠና ነው። ሐሳቡን አልነቅፍም። ግን ቡድን ካለ ሪፖርት አለ፤ ሪፖርት ካለ ግምገማ አለ፤ ግምገማ ደግሞ ሰዓት ይፈልጋል። ሰዓቱ ከየት ይምጣ? ከሂሳብ አይወሰድም፤ ከስፖርትም አይወሰድም። ማንም የማይከራከርለት አንድ ክፍለ ጊዜ ነበረ፤ እሱ ተወሰደ። የእህቴ ልጅ ግን የቡድኗ ሪፖርት እንዳለቀ ሹልክ ብላ ላይብረሪ መግባቷን አልተወችም።

“አራቱ ልጆች አስጠኚን ብለዋት እምቢ አለች?” ስል ጠየቅኩት።

“እንደዚያ የሚል ቅሬታ አልቀረበም።”

“ታዲያ ማን ከሰሳት?”

“ቡድኗ ራሱ። በሂስ ወቅት ነው የወጣው። እኛ ከውጭ ያመጣነው አይደለም።” ከዚያ ወደ መስኮቱ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እኔንም እኮ ወረዳ ይጠይቀኛል። ‘ስንት ቡድን ተገመገመ?’ ይሉኛል እንጂ ‘ስንት ልጅ አነበበ?’ ያለኝ የለም። ካላመንከኝ ከሰዓት በኋላ ግባና ተመልከት።”

ገባሁ። ከኋላ፣ ከተሰበረ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የክፍሉ አማካሪ መምህር ወጣት ነው፤ ደክሞታል፤ ካኪ ካፖርቱ በጠመኔ ነጥቷል። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ አምስት አምስት ሆነው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ለአፍታ ጫጫታ ነበር፤ ከዚያ ሪፖርት ተጀመረ። አንድ ረጅም ልጅ ተነሣ።

“የቡድናችን ጥንካሬ፣ በሰዓቱ መገናኘታችን። የቡድናችን ድክመት፣ ጥንካሬያችንን አለማስፋታችን።”

“ይሄ ማክሰኞ ተብሏል” አለ መምህሩ። “አዲስ ድክመት።”

“ቲቸር፣ አዲስ የለንም።”

“ድክመት የለንም ማለት ራሱ ድክመት ነው። እሱን ተናገር።”

“ድክመታችን፣ ድክመት የለንም ማለታችን” አለ ልጁ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ሊስቅ ብሎ እኔን አየና ተወው።

ቀጣዩ ቡድን ተነሣ። ከዚያ ሌላው። አንዷ ልጅ በሂስ ጊዜ ጓደኛዋን “ጸጉሯን ስትሠራ ታረፍዳለች” አለቻት፤ የተባለችው ልጅ አለቀሰች። አንዱ ራሱን “የጠባቂነት አመለካከት አለብኝ” ብሎ ወቀሰ፤ ምን ማለት እንደሆነ ቢጠየቅ የሚያውቅ አይመስለኝም። የእህቴ ልጅ ከመስኮቱ ጥግ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ከታ ተቀምጣለች። ፈተናው ግንቦት ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ደወል አንድም መጽሐፍ አልተከፈተም። በግምት አይደለም የምናገረው፤ የተቀመጥኩት ያንን ለማየት ነበር።

ስንወጣ መምህሩ ደረሰብኝ። “ወንድሜ፣ አትፍረድብኝ። እነሱን ጨርሼ እኔም በመምህራን አንድ ለአምስት እገመገማለሁ። ትናንት የኔ ድክመት ምን ተባለ መሰለህ? የተማሪዎቼ ድክመት መደጋገሙ።”

ተናደድኩ። በእርሱ አልነበረም፤ በእርሱ መናደድ ቀላል በሆነ ነበር። የተናደድኩት ከላይ እስከ ታች ማንም ሰው ሳይዋሽ፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ ሁሉም የታዘዘውን እየፈጸመ፣ የልጆች ሰዓት እንደ ፈሰሰ ውሃ መሬት ስለገባ ነው። የሰረቀ ቢኖር ስሙን እጽፈው ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ከሰፈራችን መታጠፊያ ያለው ሱቅ ዘንድ ቆምን። ባለሱቁ ቤተሰባቸው ከስልጤ የመጣ ጎረቤታችን ናቸው፤ መካ ደርሰው የመጡ ስለሆነ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የቆርቆሮ ምስማር በጅምላም በችርቻሮም ይሸጣሉ። ልጃቸው ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ቡድን ናት። ያኔ ከሱቁ ውስጥ ሆና ሳሙና ትደረድር ነበር። እኔን ስታይ ሳሙናውን አስቀመጠች።

“ጋሼ፣ እኔ ነኝ።”

“ምኑ?”

“እሷን የከሰስኩት።”

የእህቴ ልጅ ክንዴን ያዘች። “ተወው ጋሼ፣ እሱ ምን አደረገ?” አለችኝ። አማርኛዋ ሲጨንቃት ሴቱንና ወንዱን አንድ ያደርገዋል።

“‘እሷ’ በይ እንጂ! ወንድ ነኝ?” አለች ጓደኛዋ፤ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ተራው የእርሷ ነበር ጋሼ። ለሁሉም ሰው አንድ ድክመት መገኘት አለበት። እኔን ወሬኛ አሉኝ፤ እውነት ነው። አንዱን ክፍል ውስጥ ይተኛል አሉት፤ እሱም እውነት ነው። እርሷ ላይ ሲደርስ ሁሉም ዝም አለ። ቲቸር ‘ሂስ የማያወጣ ቡድን ሙሉው ይጠየቃል’ አለን። እኔ አሰብኩ። ‘ታረፍዳለች’ ብል ወላጅ ያስጠራል። ‘ትኮርጃለች’ ብል ነጥብ ያስቀንሳል። ከሁሉ ቀላሏን ፈለግኩ። ‘ስተዲ ላይ ብቻዋን ታነባለች’ አልኩ። በጥናት ሰዓት ማንበብ ያስቀጣል ብዬ በምን ልጠርጥር? እንደ ሙገሳ ነው ያልኩት።”

ሐጂ ከመደርደሪያው ጀርባ ሁሉንም ሰምተዋል። “ምንድነው ያሏት?” አሉ።

ነገርኳቸው። ኪራይ ሰብሳቢ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሚዛኑን ለቀቁት።

“ወላሂ! እኔ ስኳር ደበቅክ ተብዬ ኪራይ ሰብሳቢ ብባል እሺ፣ መጋዘኔን ይፈትሹ። እቺ ልጅ ምን ደብቃ ነው? መጽሐፉን ከነገጹ ዋጠችው?”

ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ሞላ፤ ከገጠር ቀበሌዎች በእግራቸው የመጡ ወላጆች ከኋላ ቆመዋል። አጀንዳው የአጥር ግንባታ ነው። ሐጂ እጃቸውን አወጡ፤ ሰብሳቢው ሳያዩዋቸው ቆዩ። በመጨረሻ ሳይፈቀድላቸው ቆሙ።

“ሐጂ፣ ከአጀንዳ ውጭ እንዳይሆን” አሉ ሰብሳቢው።

“የኔ አጀንዳ ልጄ ናት። አጥሩን እናጥራለን፣ ምስማሩን እኔ እችላለሁ። ግን ታጥሮ ውስጡ ምን ይሠራበታል? ልጄን ማታ ምን ተማርሽ ስላት ‘የሰው ድክመት’ ትለኛለች። እኔ የሰው ድክመት ሱቅ ላይ ተቀምጬ በነጻ እሰማለሁ፤ ለዚህ ትምህርት ቤት መላክ አያስፈልገኝም።”

ከኋላ የቆሙት ወላጆች ሳቁ። ወላይትኛ ብቻ የሚሰሙት ጎናቸው ያለውን አስተርጉመው ዘግይተው ሳቁ፤ ሁለተኛው ሳቅ ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መቱ።

እኔ ተነሥቼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ። “በጥናት ክፍለ ጊዜ ማጥናት የፈለገ ተማሪ የት ይቀመጥ?”

መድረኩ ላይ ያሉት ተያዩ። ምክትሉ ወደ ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ ተነጋገረ፤ ከዚያ መልሱን ሰጠ። ላይብረሪው በጥናት ሰዓት ይከፈታል፤ ግን ለቡድን ነው። አምስት ሆነው ይገባሉ፣ አምስት ሆነው ይወጣሉ። ከደወሉ በፊት አማካሪ መምህሩ ዘንድ ቀርበው የዕለቱን ጥንካሬና ድክመት በቃል ያሰማሉ። ድክመቱ የእያንዳንዱ አባል መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት የተባለ ከሆነ አይቆጠርም።

“ይሁን” አልኩ። ሐጂም “ይሁን” አሉ። የአጥሩ ጉዳይ ቀጠለ።

ባየሁት ላይ ዜና ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁት። አልተላለፈም። ምክንያቱን ስጠይቅ “ወቅቱ አይደለም” አለኝ። ወቅቱ መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ሌላ ሥራ ሰጠኝ።

ሰኞ ዕለት አምስቱ ላይብረሪ ገቡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከሁለቱ ልጆች ለየብቻቸው ጠይቄ ነው ያወቅኩት፤ ቃላቸው አንድ ነው። እንደ ተቀመጡ የእህቴ ልጅ ፊዚክሱን አወጣች፤ አራቱም ከበቧት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድኑ የተቋቋመበትን ነገር ሠራ፤ እርሷ አስረዳች፣ እነሱ ጠየቁ። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ድክመት የሚፈልግ ሰው አስፈለገ። ለአምስት ሰው፣ ያልተባለ፣ የሚታመን፣ ግን ማንንም የማያስቀጣ። ባለፈው ሳምንት የሆነውን ሁሉም ያውቃሉ፤ ቃሉ ትንሽ ከሳተ ሰው ይጎዳል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ ነው።

“እናንተ አንብቡ፣ ድክመቱን ለእኔ ተዉት” አለች የሐጂ ልጅ። “አፍ ያለኝ እኔ ነኝ።”

በሚቀጥለው ሳምንት የእህቴ ልጅ በተራ እናድርገው ብላ ለመነቻት። አንድ ቀን ሞከሩ። ተራው የእህቴ ልጅ ነበር። መምህሩ ፊት ቆማ ግን የስብሰባ አማርኛው አልመጣላትም፤ ቃል እየፈለገች ቆየች፤ ስለ አንዱ ልጅ የተናገረችው ድክመት ደግሞ እውነት ነበረና ልጁ ለቅጣት ቢሮ ተጠራ። የቀሩት አራቱ የተደጋገሙ ናቸው ተብለው ተጣሉ። በማግስቱ ላይብረሪው ለእነሱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ተራ የሚባል ነገር አልተነሣም። የሐጂ ልጅ ቦታዋን መልሳ ያዘች።

መጋቢት ላይ ለሥራ ወደ ቦምቤ ሄጄ ስመለስ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፍኩ፤ ከላይብረሪው መስኮት ስር ቆምኩ። አራቱ መጽሐፉ ላይ ተደፍተዋል። አምስተኛዋ አገጯን በቡጢዋ ደግፋ ጣሪያውን ታያለች። አየችኝና ወደ መስኮቱ መጣች።

“ምን ትሠሪያለሽ?” አልኳት።

“ድክመት አመርታለሁ ጋሼ። አምስት ነው የሚፈለገው፤ ዛሬ የተገኘው ሁለት ነው። ምርቱ ቀንሷል።”

“ምን ምን አገኘሽ?”

“እሷን ‘ገጽ ስትገልጥ ምራቅ ታበዛለች’ እላታለሁ። እሱን ‘ለመመለስ እጅ ሲያወጣ ቀኙን ብቻ ነው’ ልል ነው፤ ተሳትፎ ማነስ ይባልልኛል። የኔ ራሱ ጠፋኝ። ወሬኛነቴ ድሮ አልቋል።”

“አንቺስ መቼ ታነቢያለሽ?”

“ቤት።”

ቤቷ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ደብተሯን አስቀምጣ በቀጥታ ሱቁ ውስጥ ትቆማለች፤ አባቷ ለመስገድ ሲሄዱ ሱቁን የምትጠብቀው እርሷ ናት፤ ሳሙናም ሻማም የምገዛው ከእርሷ እጅ ነው። መደርደሪያው ላይ መጽሐፍ ተከፍቶ አይቼ አላውቅም። አባቷ ግን በስብሰባው የተወሰነውን ያውቃሉ፤ ልጃቸው ላይብረሪ ገብታ እንደምታነብ ያምኑ ነበር። “ቁጣችን ፍሬ አፈራ ጋዜጠኛው” ይሉኝ ነበር ዘይት እየቀዱ።

የእህቴ ልጅን አንድ ማታ ጠየቅኳት። ባለቤቴ ያዘዘቻትን ጎዳሬ እየላጠች ነበር።

“ጓደኛሽ ምንም አታነብም?”

ቢላዋውን አቆመች። “እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ ጋሼ፤ እሱ እንዲሰማ። ግን ሲሰማ ድክመቱ ይጠፋበታል። ድክመቱን ሲያስብ የኔን አይሰማም።”

“ለመምህሩ ብትነግሩትስ?”

“ነገርነው። ‘ጎበዝ፣ ሥራ ተከፋፍላችኋል ማለት ነው’ አለን። ጥንካሬ ብሎ ያዘልን።”

ይህን ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል፤ ያቺን የመምህሩን ዓረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ በሰላም ላስታውሳት አልችልም።

ሰኔ ላይ፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ የመዝጊያ በዓል አደረገ። በሥራ ታዝዤ ተገኘሁ። አምስቱ “ሞዴል ቡድን” ተብለው ተጠሩ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በማይክሮፎን ምክንያቱን አነበበ፤ ቡድኑ ከየካቲት ጀምሮ በየዕለቱ ያልተደጋገመ ድክመት በግልጽ በማውጣት ለሌሎች አርአያ ሆኗል። ሽልማቱን የተቀበለችው የሐጂ ልጅ ናት፤ አፍ ያላት እርሷ ስለሆነች ጓደኞቿ ገፍተው አወጧት። ሐጂ ከፊት ተቀምጠው አጨበጨቡ። ያን ቀን የላክሁት ዜና ተላለፈ።

ውጤት የወጣው በክረምቱ መጨረሻ፣ ዝናብ በበዛበት ሳምንት ነው። የእህቴ ልጅ ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት አመጣች። አባቷ በማግስቱ ከገሱባ በኢሱዙ መጣ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል፤ ከረጢት ሙሉ ጎዳሬና በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዟል። ልጁን ትከሻዋ ላይ መታ መታ አደረጋትና “እሺ፣ እንግዲህ ቀጥይ” አላት። ሌላ አልተናገረም፤ ማታውኑ መመለስ ነበረበት።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ።

“ልጄን ምን ነካብኝ?” አሉኝ። “አንድ ክፍል። አንድ ቡድን። አንድ ላይብረሪ። ያንተዋ አለፈች፣ ደስ ብሎኛል፣ አላህ ይጨምርላት። የእኔዋ ወደቀች፤ በዚያ ሰዓት ምን ስትሠራ ነበር?”

የማውቀውን ነገርኳቸው። መስኮቱን፣ ጣሪያውን፣ ተራ የተሞከረበትን ቀን፣ ጥንካሬ ተብሎ የተያዘውን። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። አንዲት ሴትዮ ስኳር ልትገዛ መጣች፤ መዝነው ሰጧት፤ ሄደች።

“ለምን አልነገረችኝም?”

“ላይብረሪው ይዘጋብናል ብላ ነው።”

“አንተስ?”

ዓይኔን ወደ ሚዛኑ መለስኩ። እሳቸውም አልደገሙትም።

በሚቀጥለው ቀን ሁለታችን ትምህርት ቤቱ ሄድን። ምክትሉ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰው ውጤቱ ከላይ የመጣ ስለሆነ በትምህርት ቤት ደረጃ የሚታይ ነገር እንደሌለ ነገሩን፤ የግል ፈተና ወስዳ ማሻሻል እንደምትችልም አስረዱን። ሐጂ አመስግነው ወጡ። በሩ ላይ ቆም ብለው ላይብረሪውን አዩት። ተቆልፎ ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ተጀመረ። የእህቴ ልጅ አስራ አንደኛ ክፍል ገባች። የሐጂ ልጅ የማሻሻያ ፈተናው ላይ አልተመዘገበችም። በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት የሱቁን በር ስትከፍት ያየኋት እርሷን ነው።